የጥርስ ሕክምና ተማሪ ምን ያህል ይጽፋል?

ጥርስ ሕክምና ልትገቡ አስባችሁ ጽሑፍ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ አይዟችሁ። ረጅም ድርሰት ብዙም የለም። ፈተናው በአብዛኛው ምርጫና አጭር መልስ ነው። አልፎ አልፎ ሪፖርትና ሴሚናር አለ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመመረቂያ ጥናት።

እጅ የሚያደክመው የታካሚ ካርድ ነው። ክሊኒክ ከገባችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ትጽፋላችሁ፦ ምን ብሎ መጣ፣ ሕመሙ መቼ ጀመረው፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት አለበት ወይ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳል፣ የማይስማማውስ የትኛው ነው፣ ምን ታየ፣ ምን ተሠራለት። ማደንዘዣ ከተሰጠው ዓይነቱና መጠኑም ይጻፋል።

ካርዱ ላይ ጥርስ የሚጠራው በቁጥር ነው፤ ስለዚህ የጥርስ ቁጥሮችን ከአሁኑ በቃላችሁ ያዙ። በኤፍዲአይ (የዓለም የጥርስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን) አቆጣጠር 36 ማለት በታካሚው ግራ በኩል ያለው የታችኛው የመጀመሪያ ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ነው። 46 የቀኙ ነው። ፊት ለፊት ስታዩት ግራና ቀኝ ይምታታል፤ በአንዲት አሃዝ ስህተት ደህናው ጥርስ ሊነቀል ይችላል። አሜሪካ የሚማር ደግሞ አቆጣጠሩ ስለሚለይ ያንኑ 36ን 19 ብሎ ነው የሚጽፈው።

ካርዱን ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ ጨርሱት። ማታ ቤት ገብታችሁ ለማስታወስ አትሞክሩ፤ የሦስቱ ታካሚ ነገር ይደባለቅባችኋል።