በእርግዝና ምክንያት ከሥራ ቢሰናበቱ፦ ማስረጃው፣ ቀነ ገደቡና የክስ አቀራረቡ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 መሠረት ሴት ሠራተኛን በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት ማሰናበት ክልክል ነው። አንቀጽ 26ም እርግዝናን ከፆታ፣ ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከአካል ጉዳት ጋር ለስንብት በቂ ምክንያት መሆን ከማይችሉት ውስጥ ቆጥሮታል። ነገር ግን «ስላረገዝሽ አሰናብተንሻል» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለም። ደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው «ያለፈቃድ ከሥራ መቅረት»፣ «የአፈጻጸም ማነስ» ወይም «የመዋቅር ለውጥ» ነው። አዋጁ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ባልተያያዘ ጥፋት ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ማሰናበትን ስለሚፈቅድ፣ ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው እውነተኛው ምክንያት የቱ ነው በሚለው ላይ ነው። ይህን ደግሞ የሚወስነው በአብዛኛው ከስንብቱ በፊት የተሰበሰበ ወረቀት ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች፣ የቤት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ መንገዳቸው ሌላ ነው። ከዚህ በታች ያለው በግል ድርጅት ተቀጥረው ለሚሠሩ ነው።

እርግዝናዎ በሐኪም እንደተረጋገጠ ለአሠሪዎ በጽሑፍ ያሳውቁ። አጭር ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይጻፉ፣ የሐኪም ማስረጃውን ያያይዙ፣ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተው በሌላው ላይ የተቀባዩን ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ብዙ ክስ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፤ አለቃ በቃል ሰምቶ «እንኳን ደስ ያለሽ» ካለ በኋላ፣ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «ነፍሰ ጡር መሆኗን አላውቅም ነበር» ይላል።

ለቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሄዱበት ጊዜ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ነው፤ ግዴታዎ ምርመራ ማድረግዎን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ነው። ወረቀቱን በተመለሱበት ቀን ያስገቡ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለበቂ ምክንያት የቀረን ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት ስለሚቻል፣ ያልተመዘገበ የክትትል ቀን እየተቆጠረ ለስንብት ምክንያት ሲውል ይታያል። ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎም ዝም አይበሉ፤ ቀኖቹን ጠቅሰው፣ ማስረጃውን አያይዘው በጽሑፍ መልስ ይስጡ።

የሁሉንም ቅጂ ቤት ያስቀምጡ፤ በስንብት ቀን የቢሮ ኢሜይልም መሳቢያም ይዘጋል። በተለይ የሚጠቅሙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከእርግዝናው በፊት የነበሩት የአፈጻጸም ውጤቶች ጥሩ ሆነው፣ ካሳወቁ በኋላ ያለው ብቻ ድንገት ከወረደ፣ ውጤቶቹን ከማሳወቂያው ቀን ጋር ጎን ለጎን ማቅረብ ከረጅም ክርክር የበለጠ ይናገራል። ሁለተኛው ንጽጽር ነው፤ ሌላ ባልደረባ ተመሳሳይ ጥፋት ፈጽሞ በማስጠንቀቂያ ብቻ ከታለፈ፣ እርስዎ ግን ከተሰናበቱ፣ አድልዎ ማለት ይኸው ነው። ለምስክርነት ድርጅቱን የለቀቀ ሰው ይሻላል፤ እዚያው የሚሠራ ሰው ለእንጀራው ይፈራል፣ አይፈረድበትም።

የስንብቱ ዕለት ሦስት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው «በራስሽ ፈቃድ ልቀቂ፣ ጥሩ የሥራ ልምድ እንጽፍልሻለን» የሚለው ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲጠይቁ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ መደራደሪያ ሊሆን አይገባም። የመልቀቂያ ማመልከቻ ከፈረሙ ግን «ተሰናበትኩ» ማለት እጅግ ይከብዳል። ሁለተኛው ከክፍያ ጋር የሚቀርበው «ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ነው። የሠሩበትን ደመወዝ መቀበል መብትዎ ነው፤ ሲፈርሙ ግን «ስንብቱን እቃወማለሁ፣ የመክሰስ መብቴ እንደተጠበቀ» ብለው ከፊርማዎ በላይ በእጅዎ ይጻፉ። ሦስተኛው፣ ከሁሉ የከፋው፣ የቃል ስንብት ነው፤ ጥበቃው ከበር ይመልስዎታል፣ በኋላ አሠሪው «ራሷ ናት የቀረችው» ይላል። በማግስቱ ከምስክር ጋር ሥራ ቦታ ይሂዱና ሊገቡ ሲሉ እንደከለከሉዎት፣ ለመሥራት ዝግጁ እንደሆኑ በዚያው ቀን ጽፈው በአደራ ይላኩ።

ደብዳቤው የቆየ ጥፋት ከጠቀሰ ቀኑን ይመልከቱ። ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ያለው 30 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። «ውልሽ አልቋል» ካሉም የሥራውን ባሕርይ ይመርምሩ፤ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ውል ቢሆንም ሥራው የድርጅቱ ቋሚ ሥራ ከሆነ፣ ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚፈቀድባቸውን ሥራዎች ከሚዘረዝረው ከአንቀጽ 10 ውጭ ያለ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል።

አሁን ሰዓቱ ይቆጥራል። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል፤ ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በስድስት ወር። ከሥራ አስኪያጁ ጋር በቃል መደራደር ወይም ሽማግሌ መላክ ቆጠራውን አያቆመውም። ወሊድዎ በእነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ ከወደቀ ክሱን ከመውለድዎ በፊት ያስገቡ፤ አራስ ቤት ሆኖ ይርጋ መቁጠር እንዳይመጣ።

ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የዳኝነት ክፍያ የለውም። አቤቱታው የከሳሽና የተከሳሽን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የቅጥር ቀን፣ የሥራ መደብ፣ ደመወዝ፣ እርግዝናውን ያሳወቁበት ቀን፣ የስንብት ቀንና የተሰጠውን ምክንያት በቅደም ተከተል ይይዛል፤ መጨረሻው ላይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት፣ የቀረበው እውነት ነው ተብሎ በፊርማ ይረጋገጣል። የሰነድና የሰው ማስረጃ ዝርዝር ይያያዝ። የተከሳሹ ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ይሁን፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ባለው ስም የተከሰሰ ድርጅት «እኔ አይደለሁም» ብሎ ወራት ያባክናል። ራፖር ጸሐፊ ቢጽፍልዎም ቀኖቹን ራስዎ አንብበው ያረጋግጡ። ጠበቃ የማይችሉ ከሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና በዩኒቨርሲቲዎች ሥር ያሉ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ።

የሚጠይቁት ዳኝነት መነጣጠል አለበት። ስንብቱ በአንቀጽ 26 የተከለከለ ከሆነ ወደ ሥራ መመለስ መብትዎ ነው፤ አልመለስም ብለው ካሣ መምረጥም የእርስዎ ነው። ሲመለሱ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር፣ ይግባኝ ሰሚው እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊያዝ ይችላል። ካሣን ከመረጡ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አማካይ የቀን ደመወዝዎ 300 ብር፣ አገልግሎትዎ ሦስት ዓመት ቢሆን፣ ካሣው የ180 ቀን፣ 54,000 ብር፤ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ 18,000 ብር፤ የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የአሥር አሥር ቀን፣ በድምሩ 15,000 ብር። ያልጠየቁትን ዳኛ አይጨምርልዎትም፤ እያንዳንዱን ቁጥር አቤቱታው ላይ ያስፍሩ።

ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። ይግባኙ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ወደ ሥራ ይመለሱ ከተባለ የውሳኔውን ግልባጭ ወዲያው አውጥተው ለድርጅቱ መዝገብ ቤት በፊርማ ያስረክቡና ሥራ ቦታ ይገኙ፤ ካላስገቡዎት በዚያው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ፣ ማለትም ውሳኔው በግድ እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን መዝገብ፣ ይክፈቱ።