የትንፋሽ መቋረጡ ምን ያህል ከባድ ነው? ሲተኙ ጥርስ ላይ ተገጥሞ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዘው የአፍ መሣሪያስ ይሠራልዎታል?

የሚያንኮራፋ ሁሉ ስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ደጋግሞ የሚቆምበት ሕመም) የለበትም፤ የማንኮራፋቱ ጩኸትም የበሽታውን ክብደት አይናገርም። ስቶፕ ባንግ በሚባለው መጠይቅ ስምንት ጥያቄዎች ይጀምሩ፦ በተዘጋ በር የሚሰማ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ሲቆም ያየ ሰው፣ የደም ግፊት፣ ከ35 በላይ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚለካበት ቁጥር)፣ ከ50 በላይ ዕድሜ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር የሰፋ አንገት፣ ወንድ መሆን። እያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ ነው። 3 ወይም 4 መካከለኛ ስጋት፣ 5 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ነው። ብቻውን የሚተኛ ሰው ትንፋሹ ሲቆም የሚያይለት ስለሌለ ነጥቡ ሳይገባው ዝቅ ይላል።

ነጥቡ የሚነግርዎ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ነው። ክብደቱን የሚያሳየው የእንቅልፍ ምርመራ ነው፤ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ የቆመው ወይም በግልጽ የቀነሰው ትንፋሽ ተቆጥሮ ለሰዓት ይካፈላል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል።

ስህተት የሚገባው ማካፈሉ ላይ ነው። 117 መቋረጥ ተመዝግቧል እንበል። የምርመራው መሣሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ማለትም 9 ሰዓት ቢበራም ሰውዬው የተኛው 6 ሰዓት ተኩል ነው። ለ6.5 ቢካፈል 18 ይመጣል፣ መካከለኛ። ለ9 ቢካፈል 13፣ ቀላል። ቤት የሚወሰዱ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የአንጎል ሞገድ ስለማይለኩ ሰው መቼ እንደተኛ አያውቁም፤ የሚያካፍሉት ለበሩበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ድንበር ላይ ከሆነ «ቀላል ነው» ብሎ መዝጋት አያዋጣም።

በዚያው የውጤት ወረቀት ላይ የአተኛኘቱን አኳኋን ይፈልጉ። ከ117ቱ 85ቱ በጀርባ በተተኛባቸው 2 ሰዓት ተኩል፣ 32ቱ በጎን በተተኛባቸው 4 ሰዓታት ከሆኑ፣ በሰዓት በጀርባ 34፣ በጎን 8 ነው። በጀርባ ያለው በጎን ካለው በእጥፍ ሲበልጥ የአፍ መሣሪያ የመሥራት ዕድሉ ከፍ ይላል። ቀጭን ሰውነት፣ ጠባብ አንገት፣ ወደ ኋላ የገባ አገጭ፣ ሴት መሆን፣ ወጣትነትም ያግዛሉ። በአንጻሩ የላንቃው ጀርባ ከሁሉም አቅጣጫ ዙሪያውን የሚዘጋበት ሰው ብዙ አይጠቀምም፤ ይህ የሚታየው በማደንዘዣ እንቅልፍ ጊዜ በሚገባ ካሜራ ነው። እነዚህ ሁሉ ዕድሉን ይጠቁማሉ እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም።

ቀጥሎ አፍ ይታይ። በየመንጋጋው ቢያንስ 8 የማይነቃነቁ ጥርሶች፣ ጤነኛ ድድ፣ የታችኛውን መንጋጋ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት የማውጣት አቅም ያስፈልጋል። በፈላ ውኃ አለስልሰው ነክሰው የሚያስተካክሉትን ርካሽ መሣሪያ እንደ መሞከሪያ አይቁጠሩት፤ እሱ ያልሠራለት ሰው በልኩ የተሠራው ሊሠራለት ይችላል።

መንጋጋው ከመጨረሻው ኋላ እስከ መጨረሻው ፊት 10 ሚሊ ሜትር ቢሄድ፣ መሣሪያው መጀመሪያ የሚስተካከልበት ቦታ ግማሹ፣ 5 ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ግማሽ ወይም 1 ሚሊ ሜትር ይጨመራል። ጠዋት ጆሮ ግንድ አጠገብ የሚያም ከሆነ አንድ እርምጃ ይመልሱት። ከሦስት አራተኛው በላይ መግፋት ብዙውን ጊዜ የሚጨምረው ሕመም ነው። ሲያወልቁት የላይና የታች ጥርሶች አልገጥም ይላሉ፤ ጥቂት ደቂቃ የኋላ ጥርሶችን እያገጣጠሙ መንከስ ይመልሳቸዋል። ይህን ዓመታት ቸል ያለ ሰው ንክሻው ለዘለቄታው ሊቀየር ይችላል፣ ስለዚህ በየዓመቱ የጥርስ ሐኪም ይየው። በሙቅ ውኃ አይጠቡት፣ ይጣመማል።

ብዙ ሰው ማንኮራፋቱ ሲጠፋ ተፈወስኩ ይላል። ትንፋሹ ግን በዝምታም ይቆማል። ልኩ ከተስተካከለ በኋላ መሣሪያው አፍ ውስጥ እያለ ምርመራው ይደገም፤ አልኮል የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያላላ በዚያ ምሽት አይጠጡ። ቁጥሩ በግማሽ ወርዶ ከ10 በታች ከሆነ ጥሩ ምላሽ ነው። የቀረው በጀርባ ሲተኙ ብቻ የሚታይ ከሆነ ጀርባ ላይ ትራስ አስሮ በጎን መተኛት ይታከልበት። በጎንም ከፍ ካለ ወደ ሲፓፕ፣ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት ወደሚያደርገው መሣሪያ፣ መሄድ ነው።