ሽሮው ከደብረ ማርቆስ፣ ሜሴጁ ወደ ሪያድ

አምና ለፍልሰታ፣ ውጭ አገር ላሉ 180 ደንበኞቻችን ሽሮው መድረሱን የሚናገር የስልክ ሜሴጅ (ኤስኤምኤስ) በላኪ ኩባንያ በኩል ላክሁ። ጽሑፉ 150 ፊደል ገደማ ነበር። አንድ ሜሴጅ 160 ፊደል ይይዛል ሲባል ስለሰማሁ የ180 ሜሴጅ ሂሳብ አዘጋጀሁ። የተቆረጠብኝ የ540 ነው። እናቴ ሂሳቡን አይታ «ሽሮውን በነፃ ብታድይው ይሻልሽ ነበር» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 160 የሚባለው ለላቲን ፊደል ነው። አንድ ሜሴጅ የሚሸከመው 140 ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ላቲኑ ተጠቅጥቆ ሲገባ 160 ይሆናል። የኛ ፊደል እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚይዝ 70 ላይ ያልቃል። ክፍት ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ ደግሞ ሜሴጁ ይቆራረጣል፤ ቁራጮቹን መልሶ ለመስፋት ትንሽ ቦታ ስለሚወሰድ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ብቻ ይይዛል። የኔ 150 ፊደል ሦስት ቁራጭ ሆነ። ተቀባዩ አንድ ሜሴጅ ነው የሚያየው። የሚከፈለው ግን በቁራጭ ነው።

አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «ከደብረ ማርቆስ ነን። የፍልሰታ ሽሮ ደርሷል። ለማዘዝ ይደውሉ፦» ከኋላው አንድ ክፍት ቦታና ከ251 የሚጀምር ስልካችን፣ ከነመደመር ምልክቱ 13 ቦታ። ጠቅላላው 53 ነው። በቀረው 17 የሱቁን ስም አስገባለሁ። ሰላምታው ቀረ፤ ጎጃሜ ያለ ሰላምታ ነገር ሲጀምር ደስ አይልም፣ ግን ምን ይደረግ።

በላቲንስ ለምን አትጽፊም የሚሉኝ አሉ። እዚያ ለተወለዱት ልጆች በላቲን ነው የምልከው፣ ፊደል አያነቡም። እዚህም ወጥመድ አለ። «ጠ»ን ከ«ተ» ለመለየት ከላይ ጣል የምናደርጋት ጭረት አለች አይደል? ብዙ ስልክ ላይ ስትጻፍ ጠምዘዝ ብላ ነው የምትወጣው። ጠምዛዛዋ 160 ከሚያስገቡት ምልክቶች ውስጥ የለችም። አንዷ ከገባች ሙሉው ጽሑፍ ወደ 70 ይወርዳል። ቀጥ ያለችውን ተጠቀሙ፣ ካልሆነም ተዉት። ኢሞጂም ያው ነው፣ ያውም አብዛኛው ቢያንስ የሁለት ፊደል ቦታ ይበላል።

ቀጥሎ የላኪ ስም። ከቁጥር ይልቅ የሱቃችሁ ስም እንዲታይ ከፈለጋችሁ ቢበዛ 11 የላቲን ፊደል ነው የሚፈቀደው። የኛ 14 ስለሆነ አሳጠርነው። በስም ለተላከ ሜሴጅ መልስ መጻፍ አይቻልም፤ ስለዚህ ስልካችሁን ውስጡ አስገቡ።

ስሙን ማን ይቀበላል የሚለው ግን የተቀባዩ አገር ጉዳይ ነው። ይቺን ያዙልኝ፦ ማርቆስ ተቀምጠን ብንልክም የሚሠራው ተቀባዩ ያለበት አገር ሕግ ነው። ሳዑዲ ስሙ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ ስሙ መጨረሻ ላይ ሰረዝና «ኤዲ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይጨመራሉ። ኤምሬትስ ከፊት ነው የሚጨመረው። ከ11ዱ ሦስቱ በዚህ ሄዱ፣ የቀራችሁ 8 ነው። አሜሪካና ካናዳ ስም ጭራሽ አይሠራም፣ በቁጥር ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተራ ቁጥር የንግድ ሜሴጅ ለመላክ ድርጅቱንም የሚላከውንም ዓይነት ማስመዝገብ ግድ ነው፤ ከፈረንጆቹ 2023 ወዲህ ያልተመዘገበውን ቴሌኮሞቹ ያግዱታል። ሁሉም በሚጠቀምበት የሊንክ ማሳጠሪያ ያጠረ ሊንክ ከገባበትም የመታገድ ዕድሉ ሰፊ ነው። በኔ ግምት አሜሪካ ያሉት ደንበኞቻችሁ ሠላሳ አርባ ከሆኑ አትድከሙ፤ በቴሌግራም አንድ በአንድ ጻፉላቸው። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ፈቃድ ሳትጠይቁ አትላኩ። በፈረንጆቹ 1991 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ተቀባዩ እንዲከስ መብት ይሰጠዋል፤ ለአንድ ሜሴጅ ከ500 እስከ 1500 ዶላር። እንግሊዝና አውሮፓም ፈቃድና የመውጫ መንገድ ይጠይቃሉ። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እኔ ሰው ሲያዝዝ «ሜሴጅ ልላክልዎት?» ብዬ እጠይቅና ቀኑን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ይቅርብኝ ያለውን ያኔውኑ እሰርዛለሁ።

ሰዓቱን የተማርሁት በሀፍረት ነው። አንድ ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላክሁ። ቨርጂንያ ያሉ አንድ አዛውንት ደንበኛችን ወዲያው ደወሉ። «ምነው ልጄ፣ በደህና ነው? ሰው የሞተ መስሎኝ ዘልዬ ተነሣሁ» አሉኝ። እሳቸው ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። በሌሊት ከአገር ቤት የሚመጣ ነገር መርዶ ነው የሚመስለው፤ እኔ የላክሁት የሽሮ ወሬ። የአሜሪካው ሕግም ማስታወቂያ በተቀባዩ ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 3 ብቻ ይላክ ይላል። አሁን ለሁሉም ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ እልካለሁ። በጋም ክረምትም ካሊፎርኒያ ነግቷል፣ ዋሽንግተን ቀን ነው፣ ስቶክሆልም 11 ሰዓት ተኩል ወይም 12 ሰዓት ተኩል ነው፣ ሪያድ ከኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይም በአንድ ሰዓት ቢቀድመን ነው። ሜሴጁ ውስጥ ግን «በ4 ሰዓት» ብላችሁ አትጻፉ። እዚያ የኖረ ሰው በነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ይጠብቃችኋል።

ቁጥሮቹን ከመደመር ምልክትና ከአገር ኮድ ጋር ጻፉ፣ የፊተኛዋን ዜሮ አውጥታችሁ። ኮዱን ጨምሮ ከ15 አኃዝ አይበልጥም። ኤክሴል ላይ ስታስገቡ መጀመሪያ አምዱን «ጽሑፍ» አድርጉት። ካልሆነ በ966 የሚጀምረውን የሳዑዲ ቁጥር ነጥብና አንድ የላቲን ፊደል ያለበት አጭር ቁጥር አድርጎ ያሳያችኋል። ያን ገልብጣችሁ ብትልኩ የትም አይደርስም።

ላኪው ኩባንያ «ተልኳል» ሲላችሁ ከነሱ ወጣ ማለት ነው እንጂ ደረሰ ማለት አይደለም። «ደርሷል» የሚለውን ፈልጉ። እሱንም ብዙ አላምነውም። ሪያድ አክስቴ አለች፤ መጀመሪያ ለሷ ብቻ እልካለሁ፣ የስልኳን ገጽ ፎቶ ትልክልኛለች። ባለፈው በአሮጌው ስልኳ ላይ ፊደሉ ሁሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ መጣ። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ ዳቦ ቆሎ ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። እንዲህ ዓይነት ስልክ ያላቸውን ለይቼ በላቲን ጻፍሁላቸው።