በግል ነፃነት ላይ የተጣለ ገደብ ተገቢ መሆኑን እንዴት መመዘን ይቻላል?

በነፃነትዎ ላይ ገደብ ሲጣል፣ ከመቃወምዎ ወይም ከመቀበልዎ በፊት የተነካው የትኛው ነፃነት እንደሆነ ይለዩ። አንድን ሐሳብ በልብ መያዝና ያንኑ ሐሳብ በአደባባይ መግለጽ በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን የመጀመሪያውን ያለ ገደብ ሲጠብቅ፣ ሁለተኛው ግን የሌሎችን መብትና መልካም ስም፣ የአገርን ደኅንነት፣ የሕዝብን ሰላም፣ ጤና ወይም ሞራል ለመጠበቅ ሲባል ሊገደብ እንደሚችል በአንቀጽ 19 ይደነግጋል።

ቀጥሎ ገደቡ አስቀድሞ በታወቀ ሕግ የተደነገገ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የባለሥልጣን ፈቃድ ብቻውን ሕግ አይሆንም። ከባዱ ጥያቄ ግን ገደቡ በእርግጥ አስፈላጊና ከዓላማው ጋር ተመጣጣኝ ነው ወይ የሚለው ሲሆን፣ በእኔ እምነት አብዛኛው ክርክር የሚረታውም እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ሰልፈኞች ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ እንዳይዘጉ ማዘዝ የሕሙማንን ሕይወት ይጠብቃል፤ የሰልፉን አቅጣጫ በመቀየር ብቻ ዓላማው ሊሳካ እየቻለ ሰልፉን ጨርሶ መከልከል ግን ከሚያስፈልገው በላይ መሄድ ነው።

ጉዳትንና ቅር መሰኘትንም አያደባልቁ፤ የሌላው ሰው አለባበስ ስላላስደሰተን ብቻ ተጎድተናል ማለት አንችልም። ገደቡ መቼ እንደሚያበቃና ይግባኝ የሚሰማው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ።