ግድግዳ ከሥር ሲረጥብ፦ ቀለም ከመግዛት በፊት ግቢውን መለካት

ድሬዳዋ ቆላ ስለሆነች የቤት ግድግዳ በእርጥበት አይጠቃም የሚል እምነት አለ። ይሁን እንጂ ለጥገና ከምጠራባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ግድግዳቸው ከወለል እስከ ጉልበት፣ አንዳንዴም እስከ ወገብ የረጠበ ነው። ቀለሙ ይነፋና ይረግፋል፤ ልስኑ በጣት ሲነካ ይፈርሳል፤ እርጥበቱ በሚያቆምበት መስመር ላይ ደግሞ ነጭ ጨው ያብባል።

እርጥበቱ ከጣሪያ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ አሸንዳውን መመርመር ነው። በጋ ከክረምት ሳይለይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ የተደበቀ ቧንቧ ያፈሳል። ጥርጣሬ ካለ የፕላስቲክ ቁራጭ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን አጣብቆ ለጥቂት ቀናት መተው ይበቃል፤ ጠሉ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ውኃው ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣ ነው።

ደጋግሜ የማገኘው ግን ሌላ ነው። ቤቱ ሲሠራ በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ሬንጅ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ተነጥፏል፤ የከርሰ ምድር እርጥበት በብሎኬቱ ቀዳዳዎች ተስቦ እንዳይወጣ የሚያግደው ይህ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ሥራውን የሚሠራው ከውጭው መሬት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግቢው ከፍ ይላል፤ አፈሩ ወይም ኮንክሪቱ ከንጣፉ በላይ ያለውን ግድግዳ ሲነካ ውኃው መሻገሪያ ያገኝና ንጣፉ ሳይበላሽ በጎኑ ያልፋል።

ሳቢያን አካባቢ አንድ ባለቤት በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀለም አስቀብተው፣ በመጨረሻ ግድግዳው ይፍረስ እስከ ማለት ደርሰው ነበር። በውጭ በኩል ስቆፍር ከመጀመሪያው አፈር ላይ ኮንክሪት፣ ከኮንክሪቱ ላይ አሸዋ፣ ከአሸዋው ላይ ደግሞ ሌላ የግቢ ንጣፍ ተደራርቦ አገኘሁ፤ ሬንጁ ከላይኛው የግቢ ንጣፍ 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንደ ተሠራበት ቀን ደኅና ሆኖ ተቀምጧል። ግቢው ለማቀዝቀዝ ማታ ማታ ውኃ ይደፋበት ስለነበር ግድግዳው ዝናብ መጠበቅ እንኳ አላስፈለገውም። ግቢ ባስነጠፉ ቁጥር አሮጌውን ሳያነሡ በላዩ የሚደርቡ ሠራተኞችን ትዕግሥት አጥቼ ነው የማያቸው፤ የሚቆጥቡት የአንድ ቀን ቁፋሮ ነው። በደቻቱ ወንዝ ዳርቻ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ያመጣው ደለል ሳይጠረግ የቀረባቸውና ግቢው በዚያው ከፍታ የጸናባቸው ቤቶች ገጥመውኛል።

ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለ አንድ ቤት፣ እርጥበቱን ለመደበቅ ከውስጥ እስከ ደረት ሴራሚክ ተለጥፎ ነበር። ውኃው መተንፈሻ ሲያጣ ከሴራሚኩ በላይ ሁለት ስንዝር ወጣ። ዘይት ቀለምም እንዲሁ ያደርጋል። ጀሶ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ እርጥበት ጠጥቶ እንደ ዳቦ ያብጣል። በጀጎል ውስጥ ያሉት በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ጥንታዊ ቤቶች ግን የሬንጅ ወይም የፕላስቲክ ንጣፍ ስለሌላቸው በዚህ መንገድ አይጠገኑም።

ጥገናው ከውጭ ይጀምራል። ግድግዳውን ተከትሎ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ከንጣፉ ከ15 ሳንቲ ሜትር ይበልጥ ዝቅ እስኪል ድረስ ይቆፈራል። ሥራው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት ቢሆን ይመረጣል። ቦዩን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፤ ሁለት ሁለት ሜትር እየከፈላችሁ ሥሩ፤ ከመሠረቱ ግርጌ በታችም ፈጽሞ አትውረዱ። የውጭው ልስን እስከ መሬት ወርዶ ንጣፉን ከሸፈነ እሱም መሻገሪያ ስለሆነ ከንጣፉ በላይ ተቆርጦ ይነሣል። ከዚያ ቦዩ በንጹሕ ጠጠር ይሞላል፤ ጠጠሩ ከንጣፉ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያቆማል፤ የቀረው ግቢ ደግሞ ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደረጋል። የወጣውን አፈር መልሶ መሙላት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

በውስጥ በኩል ጨው የጠጣው ልስን ከጨው መስመሩ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይነሣል። ጨው ራሱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ እሱን ትቶ በላዩ መለሰን አይቻልም። ግድግዳ በወር በግምት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይደርቃል ስለሚባል 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ስምንት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ የቆላው ሙቀት ቢያፋጥነውም በሳምንት የሚያደርቅ መድኃኒት የለም። ከደረቀ በኋላ በኖራ ይለሰናል፤ ቀለሙም የሚተነፍስ የውኃ ቀለም ይሁን።

ሥራውን በዚህ መልክ ጨርሼ ከሄድኩ በኋላ አንድ ደንበኛ በሁለተኛው ክረምት ደወለልኝና «አቦ፣ ሥራህ አልያዘም» አለኝ። ሄጄ ሳየው ጠጠሩ ወጥቶ በቦታው ጥቁር አፈር ተሞልቷል፤ አበባ ተተክሎበት፣ ጠዋት ማታ ውኃ ይጠጣል።