ቪፒኤን አበራሁ ብላችሁ አትሞኙ

ባሕር ዳር ሞባይል እጠግናለሁ። ከሚመጡልኝ ስልኮች ብዙዎቹ ላይ፣ ከላይ ከባትሪው ምልክት አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ትታያለች። ቪፒኤን፣ ማለትም ኢንተርኔታችሁን ሌላ እንዳያነበው አመስጥሮ (ቆልፎ) ሰርቨር በሚባል ሩቅ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ አፕ፣ በርቷል ማለት ነው። "ለምን አበራኸው?" ስል "ለሴፍቲ ነዋ!" ይሉኛል። እስቲ እንነጋገር።

"ቪፒኤን ካለ ዳታ አይቆጥርም" የምትሉ፣ ይቆጥራል። ማመስጠሩ ራሱ ትንሽ ስለሚጨምርበት እንዲያውም በለጥ አድርጎ ይበላል።

ሦስት አራት የምትጭኑም አላችሁ። አንድሮይድ በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንዱን ብቻ ነው። ሌላውን ስታበሩ የበፊቱ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ያገኙትን ነፃ ቪፒኤን መጫን ነው። ቪፒኤን ስታበሩ ከስልካችሁ እስከ ባለቤቶቹ ሰርቨር ያለው መንገድ ይመሰጠራል። ቴሌም ሆነ የካፌው ዋይፋይ የትኛው ገጽ እንደገባችሁ አያዩም። ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ ግን ይፈታል፤ ስለዚህ ቴሌ ያይ የነበረውን አሁን የሚያየው የቪፒኤኑ ባለቤት ነው። ከቴሌ ሸሽታችሁ ማን እንደሆነ የማታውቁት ሰው እጅ ገባችሁ ማለት ነው። ሰርቨር ደግሞ ወጪ አለው፣ ማን ነው ዝም ብሎ የሚያድላችሁ? የፌስቡክ የነበረው ኦናቮ የተባለ ነፃ ቪፒኤን ሰዉ የትኛውን አፕ እንደሚያዘወትር ለፌስቡክ ያቀብል ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ከአፕል ስቶር ወጣ። ሆላ የተባለው ሌላ ነፃ ቪፒኤን ደግሞ የተጠቃሚዎቹን ኢንተርኔት ለሌላ ይሸጥ ነበር። ነፃ ካላችሁ አይቀር እንደ ፕሮቶን ቪፒኤን ያለውን ሞክሩ፤ ወጪውን የሚሸፍኑለት ከፋይ ደንበኞች አሉት።

እኔስ? በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ በዜንደር (ፋይል መላላኪያ አፕ) ከሰው የተቀበልኩትን ስሙን እንኳ የማላውቀውን ጭኜ፣ ጭራሽ ለደንበኞቼም ሳድል ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ሳልነካው ማስታወቂያ እየከፈተ መቀመጫ አሳጣኝ። ያኔ ከእኔ የወሰዳችሁ ካላችሁ አጥፉት፣ ይቅርታም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ሳለ፣ "ጠንከር ያለ ቪፒኤን ጫንልኝ" የሚሉኝ ነበሩ። ቪፒኤን የተዘጋ ገጽ ያስከፍት ይሆናል እንጂ የሌለ ኢንተርኔት አያመጣም። ጣና ቢደርቅ ታንኳ ምን ይሠራል?

ሌላው ደግሞ ቪፒኤን አብርቶ ያገኙትን ሊንክ መንካት ነው። ወደ ዘጌ ጀልባ የሚነዱ አንድ ጋሼ "ሽልማት ደርሶዎታል" የሚል ገጽ ላይ ስልክ ቁጥራቸውንና የቴሌግራም ኮዳቸውን አስገቡ። ወዲያው በስማቸው ለዘመድ ሁሉ "ብር ላክልኝ" ተጻፈ።

"ቪፒኤኑ እኮ በርቶ ነበር ልጄ!"

"ጋሼ፣ ኮዱን የሰጡት እርስዎ ነዎት።"

ደግነቱ የእሳቸው ስልክ ከቴሌግራሙ ገና አልተባረረም ነበር፤ በእሱ ሌባውን አስወጣነው። ከዚያ ሁለተኛ የይለፍ ቃል እናብራ፣ ሰው የማያውቀው ይሁን አልኳቸው። አሰቡ አሰቡና ጀልባቸው ጎን ላይ በትልቁ የተጻፈውን ስም ነገሩኝ።