«አማራጭ የለውም» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ቡድን ታክቲክ ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች የመጨረሻው ፊሽካ እንደተነፋ «ቡድኑ አማራጭ የለውም» የሚለውን ያህል የሚደጋገም ቃል የለም። የባሕር ዳር ከተማ ደጋፊ ስለ ጣና ሞገዶቹ ይለዋል፣ የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ስለ ክለቡ ይለዋል፣ ሁላችንም ደግሞ ስለ ብሔራዊ ቡድናችን እንለዋለን። ክሱ ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን እስከ ምሽት ተከራክረን ስንለያይ በየትኛው ቦታ ምን እንደ ጎደለ ለይቶ የሚናገር ሰው አይገኝም። ጎጃም ሙግት የሚከበርበት አገር ነው፤ በበላ ልበልሃ ዘመን ፍሬ ነገሩን ለይቶ ያላቀረበ ከሳሽ እውነት ቢኖረውም ይረታ ነበር። በኳስ ክርክራችንም ያ ለይቶ የማቅረብ ልማድ ሊኖር ይገባል ብዬ ስለማምን፣ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ አነሣለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ውጤቱን አይቶ ወደ ኋላ መፍረድ ነው። በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ብሔራዊ ቡድናችን 1 ነጥብ ብቻ ይዞ ከምድቡ ሲሰናበት፣ ኳስን ከኋላ መሥርቶ በአጭር ቅብብል መጫወቱ እንደ ጥፋት ተቆጠረበት። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን በማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ግን ያንኑ አጨዋወት አብዝተን አመሰገንን። አሰልጣኙ ያው ነበር፤ የአጨዋወቱም መሠረት አልተለወጠም። (ስታዲየማችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽኑን የካፍን መስፈርት አሟልቶ ቢሆን ኖሮ ያን ጨዋታ እዚሁ ጣና ዳር እናየው ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።) ሳይሳካ አማራጭ የለሽ፣ ሲሳካ ደግሞ ጥበብ የምንለው ነገር አንድ ከሆነ፣ ስንፈርድ የነበረው በታክቲኩ ሳይሆን በግቡ ቁጥር ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው፣ ጨዋታው የተካሄደበትን ሁኔታ መዘንጋት ነው። በዚያው ውድድር ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስንጫወት ከ12ኛው ደቂቃ ጀምሮ በቀይ ካርድ ምክንያት በ10 ሰው ነበርን። በካሜሩኑ ጨዋታ ደግሞ ቀድመን አግብተን፣ 1 ለ 1 ሆነን ለእረፍት ከወጣን በኋላ 3 ግቦች ተቆጠሩብን። ሁለቱም ሽንፈት ናቸው፤ ስለ አማራጭ የሚነሣው ጥያቄ ግን ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው ሰው የጎደለበት ቡድን እንዴት ይቆማል ብለን እንጠይቃለን፤ ለሁለተኛው ደግሞ ባላጋራው ከእረፍት መልስ ጫናውን ሲያበረታ ምን ምላሽ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ይገባል። ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ መክሰስ ለአሰልጣኙም ለደጋፊውም የሚያስተምረው ነገር የለም።

ሦስተኛው ስህተት አሰላለፍን ከታክቲክ ጋር ማምታታት ነው። 4-3-3 ወደ 4-2-3-1 ተቀየረ ወይስ አልተቀየረም በሚል ብዙ ሰዓት ይባክናል። ቁጥሩ ተጫዋቾች የሚቆሙበትን መነሻ ብቻ ያመለክታል፤ ኳስ ሲያዝ የመስመር ተከላካዩ ወዴት እንደሚገባ፣ ኳስ ሲነጠቅ ማን ወደ ፊት እንደሚጫን አይነግረንም።

ብዙ የምንሳሳትበት ግን አራተኛው ነው፤ የተጫዋች ቅያሪን የዕቅድ ለውጥ አድርጎ መቁጠር፣ ወይም በተቃራኒው ትልቅ ለውጥ የያዘን ቅያሪ ተራ ነገር አድርጎ ማለፍ። የደከመ የመስመር አጥቂ ወጥቶ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ቢገባ የተለወጠው ጉልበት እንጂ ሐሳብ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 2005 በኢስታንቡል በተካሄደው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሊቨርፑል በኤሲ ሚላን 3 ለ 0 ተመርቶ ለእረፍት ሲወጣ፣ አሰልጣኙ ራፋኤል ቤኒቴዝ የቀኝ መስመር ተከላካዩን ፊናንን አስወጥቶ የተከላካይ አማካዩን ሃማንን አስገባ። በወረቀት ሲታይ ሦስት ግብ የሚያስፈልገው ቡድን የመከላከል ባሕርይ ያለው ተጫዋች ማስገባቱ ነበር፤ በዛሬው ልማዳችን ቢሆን ቤቱ በጩኸት ይሞላ ነበር። በሜዳ ላይ የሆነው ግን የኋላ መስመሩ ወደ ሦስት ሰው መቀየሩ፣ የሚላኑ ካካ እንደ ልቡ ይንቀሳቀስበት የነበረው የመሀል ክፍተት መጥበቡ፣ የሊቨርፑሉ አምበል ጄራርድም ወደ ፊት ለመሄድ ነጻነት ማግኘቱ ነው። በ54ኛው፣ በ56ኛውና በ60ኛው ደቂቃ ሦስት ግቦች ገቡ። ያው ጄራርድ ቆይቶ በቀኝ መስመር ተሰልፎ ተቀይሮ የገባውን የሚላኑን ሰርጂንሆን የመግታት ሥራ ተሰጠው፤ ዋንጫውም በፍጹም ቅጣት ምት ተገኘ። አማራጭ ማለት ይህ ነው፤ ችግሩ የት እንዳለ ታውቆ ለዚያው የተሰጠ መልስ።

አምስተኛው፣ ሁለተኛ ዕቅድ ሲባል ረጅም አጥቂ አስገብቶ ኳስ ማሻገር ብቻ መስሎ መታየቱ ነው። በእ.ኤ.አ. 2010 የዓለም ዋንጫ ስፔን ከፖርቱጋል ጋር 0 ለ 0 ሳለች ቁመተ ረጅሙ ዮሬንቴ በቶሬስ ምትክ ገባ፤ ቡድኑ ግን ቅብብሉን አልተወም። የዮሬንቴ መግባት የፖርቱጋልን የመሀል ተከላካዮች አሳብ ሰብስቦ ያዘ፤ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶም ቪያ የጨዋታውን ብቸኛ ግብ አስቆጠረ። አማራጭ መንገድ የራስን አጨዋወት ሳይጥሉም ሊገኝ ይችላል።

ይኸው የስፔን ታሪክ በእያንዳንዱ ሽንፈት ማግስት «ሁሉም ይለወጥ» የማለትን ስህተትም ያሳያል። በዚያ ዓለም ዋንጫ ስፔን የመጀመሪያ ጨዋታዋን በስዊዘርላንድ 1 ለ 0 ተሸንፋ ነበር፤ በያዘችው ጸንታ ቀሪዎቹን ስድስት ጨዋታዎች ሁሉ አሸነፈች። በሌላ በኩል በእ.ኤ.አ. 2018 የዓለም ዋንጫ ከሩሲያ፣ በእ.ኤ.አ. 2022 ደግሞ ከሞሮኮ ጋር በእያንዳንዱ ጨዋታ ከ1,000 በላይ ቅብብል ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ በፍጹም ቅጣት ምት ወደቀች፤ በሩሲያው ጨዋታ ያገኘቻት ግብም ባላጋራዋ በራሱ ላይ ያስቆጠራት ነበረች። ስለዚህ መጽናትም መለወጥም በራሳቸው ትክክል አይደሉም። ቡድኑ የግብ ዕድል እየፈጠረ ማስቆጠር ካቃተው የሚያስፈልገው ምናልባት ትዕግሥት ነው፤ ኳሱን ይዞ ዕድሉን እንኳ መፍጠር ካቃተው ግን መንገዱ ተዘግቷልና ሌላ በር መፈለግ አለበት። ደጋፊ ሁለቱን ለይቶ ማየት ከቻለ ግማሹ ክርክር ያልቃል።

ሰባተኛው፣ አማራጭ በጨዋታው ቀን የሚገኝ ነገር እንደሆነ ማሰብ ነው። ገበሬዎቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ዝናቡ ዘግይቶ በቆሎው ያልሆነለት ገበሬ ማሳውን ገልብጦ ጤፍ ሊዘራበት የሚችለው ዘሩ በጎተራ ካለ ብቻ ነው። ቡድንም እንዲሁ ነው፤ በሦስት ተከላካይ ተለማምዶ የማያውቅ ቡድን በ70ኛው ደቂቃ በሦስት ተከላካይ ቁም ቢባል ይፈርሳል። በክለቡ ውስጥ በአየር ላይ ኳስ የሚበረታ አጥቂ ካልተመዘገበ ደግሞ ጥያቄው ወደ ተጫዋች ምልመላው እንጂ ወደ ተጠባባቂው ወንበር መሄድ የለበትም። የአገራችንን ክለብ ከእንግሊዝ ክለብ ጋር አስተያይተን «እነርሱ ለምን ቻሉ?» ስንልም ይህንኑ የጎተራ ልዩነት እየረሳን ነው።

ስድብን እንደ ማስረጃ ማቅረብም ስህተት ነው፤ ተሳዳቢውም ስለሚያውቀው አላብራራውም።

የመጨረሻው፣ አማራጩን መፈለግ የምንጀምረው ከ80ኛው ደቂቃ በኋላ መሆኑ ነው። በአሁኑ ደንብ አንድ ቡድን 5 ተጫዋቾችን መቀየር የሚችል ቢሆንም፣ ከእረፍት ሰዓት ውጭ ጨዋታውን ለዚህ ማቋረጥ የሚፈቀድለት 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዕድል በምን ሰዓትና ለምን ሥራ እንደዋለ ማየት ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ጨዋታ ከእረፍት መልስ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከኳሱ ላይ ዓይናችሁን አንሥታችሁ፣ የመስመር ተከላካዮቹ ከየት እንደሚነሡና አማካዮቹ በየትኛው ክፍተት እንደሚቆሙ ተመልከቱ።